የጥያቄ ፍጻሜ

አንድ ችግር ተፈታ ብለን የምናርፈው ምን በሆነ ጊዜ ነው? ነገሩን ላይ ላዩን ላየው ሰው ጥያቄው ለሕፃን የሚቀርብ ይመስለዋል፤ «መልሱ በተገኘ ጊዜ ነዋ» ብሎም ፈጥኖ ይመልሳል። ነገር ግን መልስ የሚባለው ራሱ ምን እንደ ሆነ፣ አንዱን ቃል መልስ ሌላውን ግን ግምት የሚያሰኘው ሥልጣን ከወዴት እንደሚመጣ፣ መልስ ተገኘ ከተባለም በኋላ ያው ችግር በሌላ ስም ተመልሶ ከደጅ የሚቆመው ስለ ምን እንደ ሆነ መመርመር የጀመረ ሰው፣ ያን ፈጣን መልሱን ይዞ ብዙ መንገድ ሊሄድ አይችልም። የሒሳብ ሊቅ፣ የኮምፒዩተርን ሥርዓት የሚቀምር ባለሙያና ነጋዴ ሦስቱም በየሥራቸው «ተፈታ» ይላሉ፤ ሦስቱም ይህን የሚሉት በቅን ልቡና ነው፤ ሆኖም በአንድ ጉባኤ አስቀምጠን ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፣ አንደኛው ስለ እውነት፣ ሁለተኛው ስለ መንገድ፣ ሦስተኛው ስለ ውሳኔ ሲናገሩ እናገኛቸዋለን። በዚህ ሐተታ ልመረምረው የምወድደው ይህን ነው፤ የእነዚህ የሦስቱ ዕረፍት አንድ ዓይነት ዕረፍት ነውን? አንድ ካልሆነስ፣ አንዱ በሌላው ዕረፍት ላይ ሄዶ ባረፈ ጊዜ የሚደርሰው ጥፋት ምንድን ነው?

ከፍጻሜው በፊት ግን መነሻው ራሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። አፍላጦን በጻፈው ምልልስ ውስጥ ሜኖን የተባለው ሰው ሶቅራጥስን አንድ ብርቱ ተጠየቅ ይጠይቀዋል፤ የምትሻውን ነገር አስቀድመህ ካወቅኸው መሻት አያስፈልግህም፤ ካላወቅኸው ደግሞ በመንገድ ብታገኘው እንኳ የምትሻው እርሱ መሆኑን በምን ታውቃለህ? የሚል ነው። ሶቅራጥስ ነፍስ አስቀድማ ያወቀችውን ታስታውሳለች በማለት መለሰ። የሒሳብ ሊቃውንት ግን ነፍስ ከመወለዷ በፊት ስለ ነበራት ዕውቀት ሳይከራከሩ ሌላ መውጫ አገኙ፤ በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው እስክንድርያዊው ፓፑስ ይህን መውጫ ሥርዓት አስይዞ ጽፎታል። የሚፈለገውን ነገር እንደ ተገኘ አድርገህ ተቀበል፤ ከዚያ በኋላ ይህ ይሆን ዘንድ አስቀድሞ ምን መሆን እንዳለበት ጠይቅ፤ የዚያንም በፊት የነበረውን ጠይቅ፤ እንዲህ ወደ ኋላ እየተራመድህ ቀድሞ ከምታውቀው ነገር ላይ ስትደርስ፣ ፊትህን መልስና በመጣህበት መንገድ ተመለስ፤ የቀድሞው የፍለጋ መንገድ አሁን የማረጋገጫ መንገድ ሆኖልሃል ማለቱ ነው። እኔ ይህን ሥርዓት ባሰብሁት ቁጥር የሚያስደንቀኝ፣ ከጥበባት ሁሉ በጥርጥር የታወቀው ሒሳብ ሥራውን የሚጀምረው ገና ያላየውን እንዳየው አድርጎ በመቀበል፣ ማለት በተስፋ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የሒሳብ ሰው በተስፋ የጀመረውን በተስፋ አይጨርሰውም፤ የተበደረውን ሁሉ በመመለሻው መንገድ አንድ በአንድ ይከፍላል፤ ብድሩ ያልተከፈለለት መልስ በእርሱ ዘንድ መልስ አይባልም።

ነገሩ በኀልዮ ብቻ ተንሳፍፎ እንዳይቀር በአንዲት ከተማ እናቁመው። በቀድሞው የፕሩሲያ ግዛት በነበረችው፣ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩሲያ ሥር በምትገኘው በኬኒግስበርግ፣ ፕሬጌል የተባለው ወንዝ ከተማዪቱን ከአራት ይከፍላት ነበር፤ ይኸውም ሁለቱ ዳርቻዎች፣ በመካከል ያለችው ደሴትና በምሥራቅ በኩል በወንዙ ሁለት ክንዶች መካከል የተዘረጋው ምድር ነው። አራቱን ክፍሎች ሰባት ድልድዮች ያያይዟቸው ነበርና፣ ሰባቱን ድልድዮች እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ መዞር ይቻላልን? የሚል ጥያቄ ተነሣ። የሞከረ ሁሉ ወይ አንዱን ድልድይ ሳይሻገረው ይቀራል፣ ወይ አንዱን ሁለት ጊዜ ይሻገራል። ስዊሳዊው ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር በ1735 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች የምጠራቸው የውጭ አገር ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ነገሩን መርምሮ ለቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ በአንድ ድልድይ ወደ አንዱ ክፍል የገባ መንገደኛ በሌላ ድልድይ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ ጕዞው ከሚጀመርበትና ከሚፈጸምበት ክፍል በቀር፣ በየክፍሉ ያሉት ድልድዮች እየተጣመሩ የሚያልቁ፣ ማለት ለሁለት እኩል የሚከፈሉ መሆን አለባቸው፤ ጎዶሎ ሊሆኑ የሚችሉት ቢበዛ ሁለት ክፍሎች ብቻ ናቸው። በኬኒግስበርግ ግን ደሴቲቱ አምስት፣ የቀሩት ሦስቱ ሦስት ሦስት ድልድይ አላቸው፤ አራቱም ጎዶሎ ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጕዞ የለም።

ኦይለር በዚህ ሥራው የያዘው ጥቂት ነው፤ የጣለው ግን ብዙ ነው። የመንገዱን ርዝመት፣ የድልድዩን ስፋት፣ የደሴቲቱን መልክ፣ የመንገደኛውን ድካም ሁሉ ትቶ፣ ከዚያች ሁሉ ከተማ አራት ቁጥሮችን ብቻ አስቀረ። ችግርን የመፍታት ጥበብ እንግዲህ የማያስፈልገውን የመጣል ጥበብ ነው ብለን ልንፈጽመው ይቃጣን ይሆናል፤ ዳሩ ግን የማያስፈልገውን የሚያውቅ የሚያስፈልገውን ያወቀ ነው፤ የሚያስፈልገውን ያወቀ ሰው ደግሞ ነገሩን ከመንፈቅ በላይ ፈትቶታል፤ ስለዚህ የሜኖን ተጠየቅ በፊት ለፊት በር ብናስወጣው በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ከዚህ አዙሪት ፈጽሞ የሚያወጣ ሕግ ያለ አይመስለኝም። ሀንጋሪያዊው ሊቅ ጆርጅ ፖልያ በ1945 ስለ ችግር አፈታት በጻፈው ዝነኛ መጽሐፉ፣ ጥያቄውን መረዳት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መፈጸም፣ ከዚያም የተሠራውን መለስ ብሎ ማየት የሚሉ አራት ደረጃዎችን አስተምሯል፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን መጽሐፉን የሞላው በትእዛዝ ሳይሆን በጥያቄ ነው፤ የማይታወቀው ምንድን ነው? የተሰጠውስ? ይህን የሚመስል ጥያቄ ከዚህ ቀደም አይተሃልን? እያለ ልቡናን ያነቃቃል እንጂ ከዚህ ወዲያ ጣል፣ ከዚህ ወዲህ ያዝ ብሎ አይቆርጥም። ይህ ጕድለት አይደለም፤ ለሁሉ ችግር የሚሆን የመጣያ ሕግ ቢኖር ኖሮ አስተዋይነት የሚባል ነገር ባላስፈለገም ነበር።

አሁን ወደ ኦይለር መልስ ጠባይ እንመለስ። መልሱ «የለም» የሚል ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት መንገደኞችም ሞክረው ሲያቅታቸው «የለም» ብለው ይሆናል፤ ሆኖም በሁለቱ «የለም» መካከል ያለው ርቀት በሰማይና በምድር መካከል እንዳለው ነው። የመንገደኛው «የለም» ድካሙን የሚናገር ነው፤ ማለት አላገኘሁም ነው፤ ነገ ሌላ ሰው፣ ከእርሱ የተሻለ ብርታት ያለው ሰው፣ ያገኘው ይሆናል የሚል ጥርጥር ሁልጊዜ ይከተለዋል። የኦይለር «የለም» ግን ስለ ኦይለር የሚናገረው ነገር የለውም፤ ስለ ነገሩ ባሕርይ ነው፤ ከእንግዲህ የሚወለደው ሁሉ፣ ብርቱም ሆነ ሰነፍ፣ ያን ጕዞ አያገኘውም። የሒሳብ ሊቅ ዕረፍት እንግዲህ የመሻት ፍላጎቱ የረካ ሰው ዕረፍት ብቻ አይደለም፤ ግድ የሚባለውን ነገር ፊት ለፊት ያየ ሰው ዕረፍት ነው። ማንም ሰባቱን ድልድዮች ሳይሻገር፣ የከተማው ሰው የተመኘው ሳይሆንለት፣ ችግሩ ግን ፈጽሞ ተፈታ። ችግር መፍታት ማለት የተመኙትን ማግኘት ማለት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለተኛው ባለሙያ ግን በዚህ ቦታ ቃል አለው። «ሰባት ድልድዮች ሊሰለፉ የሚችሉት በ5,040 ዓይነት ቅደም ተከተል ነው፤ ሁሉን ተራ በተራ ልጻፍ፣ እያንዳንዱን ልመርምር፣ የሚሆን ከሌለ የለም ልበል፤ ይህስ ከኦይለር መልስ በምን ያንሳል?» ይላል። በእውነትም በእርግጠኝነት አያንስም፤ ሁሉ ተመርምሮ ካለቀ ጥርጥር የሚገባበት ቀዳዳ የለምና። የሚያንሰው በሌላ ነው። ስምንተኛ ድልድይ በተሠራ ቀን ዘርዛሪው ድካሙን ሁሉ ጥሎ 40,320 ሰልፎችን እንደ ገና መጀመር አለበት፤ ኦይለር ግን አራቱን ቁጥሮች ዳግመኛ ቢያይ ይበቃዋል። ዝርዝሩ ስለዚያች ከተማ ብቻ ያውቃል፤ ምክንያቱ ግን ስለ ከተሞች ሁሉ ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ዘርዛሪውን ወይም በተሰጠው ሥርዓት ደረጃ በደረጃ የሚሄደውን ሰው ለመናቅ የሚቸኩል ቢኖር፣ በእኛው ቤተ ክርስቲያን ያለውን ባሕረ ሐሳብ ያስብ።

ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ የቍጥር ትምህርት፣ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን ያገኛል። የ2016 ዓ.ም. ፋሲካ መቼ ነበር? ዓመተ ኵነኔውን 5,500 ከ2,016 ጋር ደምር፤ 7,516 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ስትገድፈው 11 ይተርፋል፤ አንዱን አትተህ ትተዋለህ፤ ወንበር 10 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተህ በ30 ብትገድፈው አበቅቴ 20፣ በ19 አባዝተህ ብትገድፈው መጥቅዕ 10 ይወጣል፤ ሁለቱ ተደምረው ዘወትር 30 ናቸው። መጥቅዕ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 10 ይውላል፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነበርና የቅዳሜን ተውሳክ 8 ብትጨምርበት መባጃ ሐመር 18 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ሰኞ ገባች ማለት ነው። በዚያ ላይ የትንሣኤን ተውሳክ 9 ጨምር፤ ሚያዝያ 27፣ እሑድ። ይህን ሁሉ አንድ ትጉህ የቆሎ ተማሪ በቃሉ ይዞ በጣቶቹ ይሠራዋል፤ 11ዱ በ365ቱ የፀሐይ ቀናትና በ354ቱ የጨረቃ ቀናት መካከል ያለው ልዩነት እንደ ሆነ፣ 19ኙም ፀሐይና ጨረቃ ዳግመኛ የሚገናኙባቸው ዓመታት እንደ ሆኑ ባያውቅም፣ ያገኘው ቀን ምሥጢሩን ጠንቅቆ ከሚያውቀው ከመምህሩ ቀን በአንዲት ሰዓት እንኳ አይለይም። እንግዲህ ችግሩን የፈታው ማን ነው? ተማሪው ነው ብንል፣ ያልገባውን ነገር ፈታ ማለታችን ነው፤ አይደለም ብንል፣ በእጁ የያዘው ትክክለኛ መልስ የማን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩን የፈታው ሥርዓቱን የሠራው ነው፤ ተማሪው የተፈታውን ይቀበላል። ነገር ግን የሥርዓት ክብሩ ይኸው ነው፤ የሊቁን ዕውቀት ሊቅ ላልሆነው ሁሉ ያዳርሰዋል። በአንድ ገዳም አንድ ሊቅ ቢሞት በዓሉ ቀኑን አይስትም። የኮምፒዩተር ጥበብ መሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ መረዳትን ከመሥራት ለይቶ፣ መሥራቱን ብቻ ለማይረዳው ፍጥረት አስረክቧልና።

ጭንቁ የሚመጣው ያ ፍጥረት የሚሠራው ሥራ ከሰው ዕድሜ በበለጠ ጊዜ ነው። በ1852 ፍራንሲስ ጉትሪ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በካርታ ላይ ጎረቤታም አገሮች አንድ ቀለም እንዳይዙ ለማድረግ አራት ቀለም ለማንኛውም ካርታ ይበቃልን? ብሎ ጠየቀ፤ በ1976 ኬኔት አፕልና ቮልፍጋንግ ሀከን በአሜሪካ በኢሊኖይ ይበቃል ብለው አረጋገጡ፤ ሆኖም ማረጋገጫው ከ1,000 ሰዓት በላይ የኮምፒዩተር ሥራ የጠየቀ ነበርና፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዓይኑ የተከታተለው ሰው የለም። ብዙ ሊቃውንት ቅር አላቸው። በ2005 ዦርዥ ጎንቲዬ ማረጋገጫውን በሌላ የኮምፒዩተር ሥርዓት አስመርምሮ ትክክል ሆኖ አገኘው፤ ይህም መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል የሚለውን ጥርጥር አራቀ እንጂ ለምን አራት እንደ በቃ ለጠየቀው ሰው የጨመረለት ብርሃን የለም። እርግጠኝነት አለ፤ መረዳት ግን የለም፤ እነዚህ ሁለቱ ሊለያዩ መቻላቸውን የቀድሞ ፈላስፎች ያሰቡት አይመስለኝም። በሌላ ወገን ደግሞ፣ በዚያችው በኬኒግስበርግ የተወለደው ክርስቲያን ጎልድባኽ በ1742 ለኦይለር በላከው ደብዳቤ የተነሣውን ጥያቄ እንመልከት፤ ከሁለት የሚበልጥ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነውን? ኮምፒዩተሮች እስከ 4 ሚሊዮን ትሪሊዮን ድረስ ያሉትን መርምረው አንድም የሚያፈርስ አላገኙም፤ ከነጋዴ ሚዛን ይህ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነው፤ በሒሳብ ሊቅ ሚዛን ግን ጥያቄው ዛሬም እንደ ተጠየቀ አለ።

ሥርዓት ለሁሉ ጥያቄ ይገኛል ተብሎ ታስቦም ነበር። በመስከረም 1930 ታላቁ ሊቅ ዳቪድ ሂልበርት በተወለደበት አገር በኬኒግስበርግ ቆሞ፣ በሒሳብ ዘንድ የማይታወቅ ሆኖ የሚቀር ነገር እንደሌለ በታላቅ እምነት ተናገረ፤ ከዚያ ንግግር በፊት በዋዜማው በዚያችው ከተማ በተደረገ ጉባኤ ኩርት ጎዴል የተባለ ወጣት፣ ቁጥርን ለመመርመር የሚበቃ የማይጋጭ የሒሳብ ሥርዓት ሁሉ፣ እውነት ሆኖ ሳለ በዚያ ሥርዓት ሊረጋገጥ የማይችል ነገር እንዳለበት አስታውቆ ነበር። በ1936 ደግሞ እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ፣ አንድ የቀመር ሥራ ይቆም ወይም ለዘለዓለም ይሮጥ እንደ ሆነ ለሁሉም አስቀድሞ የሚፈርድ አንድ ሥርዓት ሊኖር እንደማይችል አረጋገጠ። ኮምፒዩተር ገና ሳይሠራ ድንበሩ ተሠራለት ማለት ነው። ይህም የኦይለር ዓይነት «የለም» ነው፤ ጥበብ የራሷን ወሰን በራሷ ጥበብ ማግኘቷ ውርደቷ ሳይሆን፣ በእኔ ፍርድ፣ ከሠራችው ሁሉ የሚበልጥ ክብሯ ነው።

ሦስተኛው ሰው፣ ነጋዴው፣ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ቃል ይናገራል፦ «ድልድይ እንጨምር።» በዚህ ቃል ፈገግ የሚል ሊቅ ካለ ይሳሳታል። ኦይለር ድልድዮቹን እንደ ተሰጡ ተቀብሎ ጠየቀ፤ ነጋዴው ግን መሰጠታቸውን ራሱን ይጠይቃል። የሒሳብ ሰው በጥያቄው ቅጥር ውስጥ ይሠራል፤ የንግድ ሰው ቅጥሩን ያንቀሳቅሳል። ደግሞም የሁለቱ ጥበብ በዚህ ቦታ ይገናኛል፤ ስምንተኛው ድልድይ በየትኛውም ሁለት ክፍሎች መካከል ቢሠራ ጎዶሎዎቹ ክፍሎች ሁለት ብቻ ይቀራሉና ጕዞው ይቻላል፤ ዘጠነኛ አያስፈልግም፤ ነጋዴውን ከከንቱ ወጪ የሚያድነው ያ «የለም» ያለው ሊቅ ነው። የማይቻልበትን ምክንያት ያወቀ፣ እንዲቻል ለማድረግ ምን ያህል እንደሚበቃም ያውቃል።

ከዚህም በላይ ነጋዴው ሁለቱ ባለሙያዎች የማያውቁት ጌታ አለው፤ እርሱም ጊዜ ነው። ዕቃውን ይዞ 20 ከተሞችን አንድ አንድ ጊዜ ጎብኝቶ ወደ መነሻው ሊመለስ የሚወድድ ሰው፣ ከሁሉ አጭሩን መንገድ ሁሉን በመዘርዘር ልፈልግ ቢል፣ የሚመረምራቸው መንገዶች ከ60,000 ትሪሊዮን ይበልጣሉ፤ በየሰከንዱ አንድ ሚሊዮን መንገድ የሚመረምር መሣሪያ ቢያገኝ እንኳ ከ1,900 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከመዘርዘር የረቀቁ ዘዴዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ 20 ከተማም ለእነርሱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከተሞቹ ምንም ያህል ቢበዙ አጭሩን መንገድ ሁልጊዜ በፍጥነት የሚሰጥ ሥርዓት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ሊገኝ እንደማይችልም ያረጋገጠ የለም፤ ይህን የሚያካትተው ታላቅ ጥያቄ በ2000 የክሌይ የሒሳብ ተቋም አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ካቆመላቸው ሰባት ጥያቄዎች አንዱ ነው። ነጋዴው እስኪፈታ አይጠብቅም። አሜሪካዊው ኸርበርት ሳይመን፣ ኮምፒዩተርንም የንግድ አስተዳደርንም አጥንቶ በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሊቅ፣ ያስተማረው ይህን ነው፤ ሰው በሚወስንበት ጊዜ ከሁሉ የተሻለውን አይፈልግም፤ አስቀድሞ ለራሱ የበቂ ልክ አውጥቶ፣ ያን ልክ የሚያሟላ ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ፍለጋው ራሱ ዋጋ አለው፤ ዕውቀቱም ቀኑም የተወሰነ ነው። የነጋዴው ዕረፍት እንግዲህ የግድን ፊት ያየ ሰው ዕረፍት አይደለም፤ ይበቃል ብሎ የፈረደ ሰው ዕረፍት ነው፤ ይበቃል ማለትም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ልቤን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፤ ይበቃል የሚለው ለማን ነው?

የኬኒግስበርግ ድልድዮች ታሪክ በኦይለር አላበቃምና። በነሐሴ 1944 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማዪቱን በቦምብ አቃጠሏት፤ በዚያ ጦርነት ከሰባቱ ድልድዮች ሁለቱ ፈረሱ፤ የቀሩትን አምስት መሻገሪያዎች የቆጠረ ሰው ዛሬ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ መጓዝ እንደሚቻል ያገኛል። ቀድሞ የማይቻለው ተቻለ። ተፈታ እንበልን? ሕሊና ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቃል ከአፉ ሊያወጣው ይቀፍፈዋል፤ ዳሩ ግን ይህ መቀፈፍ በምክንያት ሊጸና የሚችል መሆኑን ማየት አለብን፤ ድልድይ መጨመርና ድልድይ ማፍረስ በቁጥር ዘንድ እኩል ናቸውና፤ ከሰባቱ አንዱን ማንሣት ወይም አንድ መጨመር ሁለቱም ያን ጕዞ ይሰጣሉ። ልዩነቱን አራቱ ቁጥሮች አያሳዩትም፤ ልዩነቱ ያለው ኦይለር በሚገባ ከጣለው፣ ማለት በድልድዩ ላይ ከሚሄደው ሰው ዘንድ ነው። ቅጥሩን ለማንቀሳቀስ ሥልጣን ያለው ሰው፣ የጣለው ነገር ሁሉ ተመልሶ እንደሚጠይቀው ያስብ።

ይህን የምለው በሩቅ ስላለች ከተማ ብቻ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ኪሣራ ቢበዛበት ሠራተኛውን ቀንሶ ሒሳቡን ያስተካክልና ችግሩ ተፈታ ብሎ በሪፖርት ያሰፍራል፤ ችግሩ ግን ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ወጥቶ ወደ ተሰናባቾቹ ማጀት ገብቷል። ሌላው ደግሞ በመስኮቱ ፊት የሚረዝመው ሰልፍ ቢያሳፍረው አገልግሎቱን ሁሉ ወደ እጅ ስልክ ያዛውራል፤ ሰልፉ በእርግጥ ጠፋ፤ ነገር ግን ፊደል ያልቆጠሩት እናት የመጣላቸውን መልእክት የሚያነብላቸው የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ቀን ወጥቶላቸው ከመስኮቱ ሲደርሱም «ሲስተም የለም» ይባላሉ። ሰልፉ ከአንድ ቦታ ወደ ብዙ ቦታ ተበትኖ የማይታይ ሆነ እንጂ አላለቀም። ፖልያ በመጨረሻ ያስቀመጠው ደረጃ፣ የተሠራውን መለስ ብሎ ማየት፣ በሒሳብ ትምህርት ቤት የማስተካከያ ልማድ ነው፤ በንግድና በአስተዳደር ግን የፍትሕ ሥራ ይሆናል። ሦስቱም ባለሙያዎች ይህን ደረጃ ይዘላሉ፤ የሒሳቡ ሰው ቢዘልለው ለትምህርት የሚሆን ነገር ያመልጠዋል፤ የሥርዓት ቀማሪው ቢዘልለው ሥራው ይበላሽበታል፤ የነጋዴው መዝለል ግን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ ከሦስቱ የማንን ዕረፍት እንምረጥ? አንዱን መርጦ ሌላውን መሻር የሚገባ አይመስለኝም። የአንድምታ መምህራን አንዱን ቃል ተርጕመው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ፤ ሁለተኛው ፊተኛውን አይሽረውም፤ ሁለቱም እንደየአገባባቸው ይቆማሉ። ይሁን እንጂ መምህሩ የትኛውን ፍቺ በየትኛው ቦታ እንደሚያነሣ ያውቃል። በእኛ ዘመን የጎደለው ይህ አገባብ ነው። እውነት በሚጠየቅበት ቦታ «ይበቃል» የሚል አለ፤ ሕዝብ እየተራበ ውሳኔ በሚጠበቅበት ቦታ ፍጹም ማረጋገጫ ካልመጣ የሚል አለ፤ ከሁለቱም ይልቅ የሚበዛው ግን አንድ የተዘጋጀ ሥርዓት ከሌላ አገር ተቀብሎ 11ዱና 19ኙ ከወዴት እንደ መጡ ሳይጠይቅ ለሁሉ ነገር የሚያውለው ነው። ያ የቆሎ ተማሪ የተቀበለው ሥርዓት ለዚያው ለተሠራለት ነገር ነበርና አላሳሳተውም።

ስለዚህ ልመናዬ ልጆችን ለምታስተምሩ መምህራን ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ በፊቱ ከተዘረዘሩት ምርጫዎች አንዱን አጥቁሮ ይወጣል፤ ከመካከላቸው አንዱ መልስ መሆኑን አስቀድሞ ተነግሮታልና፣ መልስ የሌለው ጥያቄ በዓለም ላይ መኖሩን ሳይሰማ ወደ ሥራ ይሰማራል። በየወሰነ ትምህርቱ አንድ ጊዜ እንኳ መፍቻ የሌለው ጥያቄ ስጡት፤ መፍቻ የሌለው መሆኑንም አትንገሩት። ሞክሮ ሞክሮ አልቻልሁም ብሎ ሲመጣ፣ አልቻልህም ወይስ አይቻልም? ብላችሁ መልሱት፤ አይቻልም ብሎ ምክንያቱን በሥርዓት ላሳየው ልጅም ሙሉውን ማርክ ስጡት። ከዚያም ጥያቄውን በጥቂቱ ለውጦ የሚቻል እንዲያደርገው ጠይቁት፤ ለውጦ በመጣ ጊዜም ለውጡ የሚከብደው በማን ላይ እንደ ሆነ ሳትጠይቁት አታሰናብቱት።